ፏፏቴው ሥር አብረውን ያደሩ ሰዎች፣ ጀበናችሁ እኔ ጋ ነው

የጦሳ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። እስከዛሬ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፈው የሰው ዕቃ እጄ ላይ ስላለ ነው።

ከመስቀል በኋላ ባለው ዓርብ እኔና አብሮ አደጌ ከደሴ ተነስተን ጫካ ውስጥ ያለ አንድ ፏፏቴ ሥር ሁለት ሌሊት አደርን። ኮምቦልቻ ወርደን፣ ከዚያ መልሰን ወደ ጋራው ወጥተን ነው። የቦታውን ስም አልጽፍም። ምክንያት አለኝ፣ ከጠየቃችሁኝ እመልሳለሁ።

ዝግጅታችንን ስሙ። ድንኳኑ የተውሶ ነው። የሁለት ሰው ነው ተብለን ነበር፤ ሁለት ሰው የሚይዘው ግን ሁለቱ ከተቃቀፉ ብቻ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ድስት፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን፣ አንድ የእጅ ባትሪ። ሦስት ኪሎ ቆሎ። ቆሎው የእናቴ ሥራ ነው፣ ዘመቻ የምሄድ መስሏታል። ይሄን ሁሉ ተሸክመን ክብሪት ረሳን።

ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ውሃው ግን አጠገቡ እስክትደርስ አይታይም፣ ዛፉ ሸፍኖታል። ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ታች ውሃው ዳር ሾላ። ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው አዩን፣ ብዙም አልገረምናቸውም። ፏፏቴው የአራት ፎቅ ያህል ቁመት አለው። ከሥሩ የጠራ ኩሬ፣ ከኩሬው ጎን ደግሞ ሜዳ የሆነ ለስላሳ አሸዋ። አሸዋው ለኛ የተነጠፈ ነው የመሰለን። ድንኳናችንን እዚያው ተከልን።

ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት መጡ። ሰላም አሉን፣ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ከዚያ ድንኳኑን አዩና «ልጆቼ፣ እዚህ እኮ ውሃው ነው የሚተኛው» አሉን። እሺ አባባ አልን። ለይሉኝታ ያህል ድንኳኑን አምስት እርምጃ ወደ ላይ ሳብነው። እሳቸውም ምንም አላሉም። አሁን ሳስበው፣ ዝም ያሉት የከተማ ልጅ ሳይቀምስ እንደማይማር ስለሚያውቁ ነው።

ሊመሽ ሲል የክብሪቱ ነገር ትዝ አለን። ከላይ በዛፎቹ መሀል ጭስ ይታያል። አያቶቻችን ጎረቤት ሄደው እሳት ይጭሩ አልነበር? እኔም እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። አራት ናቸው። ሁለት እህትማማቾች፣ ወንድማቸው፣ እና የወንድማቸው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ የሆነ የመቱ ልጅ። ከኮምቦልቻ ነው የመጡት። «እሳት ልጭር ነው» አልኩ። ታላቅየዋ ሳቀች። «እሳት የሚጭር ሰው ቡና ሳይጠጣ አይሄድም» አለችኝ። ጓደኛዬን ጠራሁት። በዚያው ቀረን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

ራትም አብረን በላን። ወሎዬ ያልሆነ አንባቢ ካለ ላስረዳው። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እህትማማቾቹና ወንድማቸው ሙስሊም። ሥጋ ቢኖር ኖሮ ሁለት ድስት ሊጣድ ነው፣ የማን ቢላ የማን ማንኪያ ሊባል ነው። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ደግሞ እኛ ጾመኞች። ስለዚህ ሽሮና ንፍሮ ሆነና ሁላችንም ከአንድ ትሪ። ከማታውቁት ሰው ጋር ውጭ የምታድሩ ከሆነ ሽሮ ያዙ፣ ሌላ ምክር የለኝም።

ወደ አራት ሰዓት ላይ ወርደን ተኛን። እኛ ጋ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነው። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል አንድ ነገር ድንኳኑን መታው። ደግሞ ሌላ። ጓደኛዬ «ሽፍታ ነው!» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ብርድ ልብስ ከሽፍታ እንደሚያድን ከየት እንደሰማ አላውቅም። ዚፑን ስከፍት አንድ ባትሪ ላይ ታች ይወዛወዛል። ታናሽየዋ ናት። አፏ ይከፈታል ይዘጋል፣ ፏፏቴው ግን ድምፅዋን ውጦታል። ጮሃ ጮሃ አልሰማ ስንላት ነው ለካ በድንጋይ የምትደበድበን። እግሬን ሳወጣ አሸዋው የለም። ውሃ ነው። ቡናማ፣ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከመ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ።

አራቱም ወረዱልን። ካስማውን ነቃቅለን፣ ድንኳኑን ሳናጥፍ እንዳለ እንደ ቃሬዛ ተሸክመን ሽቅብ ሮጥን። ድስታችንና ጀሪካናችን ሄዱ። ቆሎው ግን ተረፈ፣ የእናት ነገር። እህትማማቾቹ ድንኳናቸው ውስጥ፣ እኛ አራት ወንዶች ሸራ ሥር ተደርድረን አደርን። ጠዋት ሳየው ድንኳናችን የነበረበት ቦታ ላይ ይሄን የሚያክል ግንድ ተጋድሟል።

ቅዳሜን ከነሱ ጋር ዋልን። ማታ ደግሞ የጓደኛዬን የቆዳ ጫማ ጅብ በላው። ውጭ አውልቆ ትቶት ነበር። ጠዋት ያ አባት መጥተው ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፣ እናንተ ደግሞ ሳይለምናችሁ አነጠፋችሁለት» አሉን።

እሑድ ተለያየን። የሁላችንም ስልክ ሞቷል። ቁጥራቸውን በሰጡኝ የክብሪት ቀፎ ላይ ጻፍኩ። ቀፎውን ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሱሪዬን እህቴ አጠበችው፣ ከነክብሪቱ። ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ስፈታ ደግሞ ጀበናቸው በብርድ ልብሳችን ተጠቅልሎ ወጣ። ማን እንደጠቀለለው እኔም ጓደኛዬም አናውቅም።

ስለዚህ ከአራቱ አንዳችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ የጀበናውን ምልክት ንገሩኝና አመጣለሁ።

ሮቢት ሰፈር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

ጀበናው የኔ ነው። ጥቁር ነው።

የጦሳ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ነጭ ጀበና አይተህ ታውቃለህ?

የሆጤዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የኔ ልጅ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔ ቦርከና ዳር ነው ያደግኩት። ልጅ ሆነን እናታችን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትከለክለን፤ ክረምት ሲሆን ወንዝ መሀል ቆሞ መጫወት። ሰማዩ ጠራ ብላችሁ አትመኑት ትል ነበር። ዝናቡ እናንተ ጋ ባይዘንብም ተራራው ላይ ይዘንባል፣ ውሃው ደግሞ መንገድ አይጠፋውም። ደራሽ የሚባለው ለዚህ ነው።

ምልክቱን ልንገራችሁ፣ ለሌላውም ይጠቅማል። መጀመሪያ ውሃው ይደፈርሳል። ጠርቶ የነበረ ውሃ ቀለሙ ከተቀየረ ዕቃ አትሰብስቡ፣ ውጡ። ቅጠልና ጭራሮ መምጣት ከጀመረም እንደዚያው። ድምፁም ይለወጣል፣ ፏፏቴ ሥር ግን ድምፅ አይለይም፣ እናንተንም ያታለላችሁ እሱ ነው። ደግሞ ቀን በብርሃን ዙሪያውን እዩ። ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለ የደረቀ ሣርና ላስቲክ ካለ ውሃው እዚያ ድረስ ወጥቶ ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ተኙ። አሸዋ እኮ ሜዳ ላይ ለብቻው አይበቅልም፣ ውሃ ነው የሚያመጣው።

ለሽማግሌው አምስት እርምጃ የሳባችሁትን ነገር ግን አልረሳላችሁም።

በርበሬ ወንዝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ስም የማይጠራ ፏፏቴ ምን ያደርግልናል? እኔ ኮምቦልቻ ተወልጄ አድጌ ይሄን ቦታ አላውቀውም። ወይ ንገረን፣ ወይ ቀድሞውኑ አታጓጓን። በዚያ ላይ ስትገልጸው አማዞን አስመሰልከው። ወሎ ውስጥ ዝናባማ ደን አለ እንዴ?

የጦሳ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡38

ምክንያቴ ይሄ ነው። አምና ሌላ ቦታ ሄጄ ነበር፣ እሱም ምንጭና ጫካ ያለበት። ቪዲዮ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ከነስሙ ለጠፍኩ። ብዙ ሰው አየው፣ እኔም ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ስሄድ ምንጩ ዳር የተሰበረ የቢራ ጠርሙስ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ በየሣሩ። አንድ ወይራ ደግሞ ግማሹ ተቆርጦ ለማገዶ ሄዷል። ወይራ ስንት ዓመት ፈጅቶ እንደሚያድግ ታውቃላችሁ። ለሰዎቹ መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስም አልጽፍም።

ስለ ዝናባማ ደኑ፣ እኔ እንጃ። እኛ ላይ ሲዘንብብን ነው ያደረው። ከፏፏቴው የሚበተነው ነጠብጣብ ድንኳኑን በመጀመሪያው ሰዓት ነው ያራሰው። ለኔ በቂ ዝናብ ነው።

ነጭ ጋውን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰው ስለ ጅብና ስለ ሽፍታ ይፈራል፣ እኛ ጋ የሚመጣው ግን በሌላ ነገር ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ኩሬው ውስጥ ዋኛችሁ? ውሃውንስ እንዴት ጠጣችሁት?

የጦሳ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4：06

ዋኝተናል። ውሃውን በእፍኛችን።

ነጭ ጋውን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ፈርቼው ነበር። እንግዲህ ስማ።

ቢልሃርዝያ በወሎ ቆላማና ወይና ደጋ ወንዞች አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ትሉ የሚወጣው ከአንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ነው፣ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ሲገባም አይታወቅህም። ፏፏቴው በቀጥታ የሚወርድበት ቦታ ውሃው ስለሚናወጥ አደጋው ያንሳል። ቀንድ አውጣው የሚወደው የተኛ ውሃ ነው፤ የኩሬው ዳር፣ ሣርና ቅጠል ያለበት። አትደንግጥ፣ መድኃኒት አለው። ግን ዛሬ ብትመረመር ላይታይ ይችላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደህ ሰገራ ተመርመር፣ ውሃ ውስጥ ገብቼ ነበር ብለህ ንገራቸው።

መቼም ቀንድ አውጣ ከተነሳ ላይቀር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ማንሳት አለብኝ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ይንሳፈፋል። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ነው። ሁላችንም እንዶድ የታጠበ ነጠላ ለብሰን አድገናል፣ እሳቸው ግን የወንዙን ታች አዩ።

ሁለተኛው አልቅት ነው። የምንጭ ውሃ በእፍኝ ስትጠጣ ትንሿ አልቅት ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ተጣብቃ ደም እየጠጣች ታድጋለች። ከብት ላይ አይታችኋል፣ ሰው ላይም ይደርሳል። ሰሞኑን ያለ ምክንያት ካነሰረህ ወይም ጉሮሮህን ከከረከረህ ሂድ ታይ። መከላከያው ቀላል ነው፤ ውሃውን በነጠላ አጥልል፣ ከዚያ አፍላ። ከ2000 ሜትር በላይ ከሆንክ ውሃው ሙቀቱ ሳይበዛ ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቆየው።

ሮቢት ሰፈር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41

ሽርሽር ነበር ወይስ የሕክምና ትምህርት? ጉሮሮዬን ከረከረኝ እኮ።

አያ ጫካ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ለጦሳ ልጅ ነው የምጽፈው። በቅንነት ውሰደው ወንድሜ።

እኔ የዚያ አካባቢ ሰው ነኝ። ከጽሑፍህ ቦታውን ለይቼዋለሁ፣ አሸዋውንም አውቀዋለሁ፣ በግ ወስዶብናል። ስሙን ደብቄ ጫካውን ጠበቅሁ ትላለህ። ጫካውን የሚጠብቁት እነዚያ የመከሩህ አባት ናቸው። አንተ አደርክ፣ ዋኘህ፣ ፎቶ አነሳህ፣ ሄድክ። እሳቸው ምን አገኙ? ከኛ ቀዬ ልጆች ዘብ ቢያድሩላችሁ፣ አንዲት እናት ዳቦ ቢጋግሩላችሁ፣ ወይራውን ለከሰል ከመቁረጥ ሌላ ገቢ ይኖራል። መቄት ላይ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ። እንግዳ ገደሉ አፋፍ ላይ ያድራል፣ ምግቡም ጥበቃውም ከቀበሌው ነው። እኛስ ምን ያንሰናል?

ደግሞ ሳትናገሩ አትደሩ። በዚህ ጊዜ ማን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የመንገዱን ሰላም ከቀዬው ሰው በላይ የሚነግራችሁ የለም። ቀበሌ ግቡ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ እዚህ ነን በሉ። የዚያን ሌሊት ብትወሰዱ ኖሮ ማን ነበር የሚፈልጋችሁ?

የጦሳ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

አያ፣ እውነት አለህ። ለእሳቸው ቆሎ ነው የሰጠናቸው፤ ምግብ አይሉት ምስጋና። ስሙን አሁንም አልጽፍም። ግን ሌላ ጊዜ ስመጣ አንተን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ ዘብም እቀጥራለሁ። በውስጥ መልእክት እንነጋገር።

በርበሬ ወንዝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡12

እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ቦታውን አወቀ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሶር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡25

ስለ ዝናባማ ደን ለተጠየቀው እኔ ልመልስ፣ መቱ ነው ያደግሁት።

ወሎ ያለው ደን ቆንጆ ነው፣ ግን ዝናባማ ደን አይባልም። ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ያለበት ደረቅ የደጋ ደን ነው። የጎፍ ጫካን ካያችሁ ገብቷችኋል። በልግና ክረምት ይዘንብለታል፣ ቀሪውን ወራት ችሎ ይኖራል። ፏፏቴው ዙሪያ ብቻ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ የሆነው ነጠብጣቡ ስለሚያጠጣው ነው። ሽበቱም ሽንሽን ቅጠሉም እዚያ የበዛው ለዚህ ነው። ሃምሳ እርምጃ ስትርቁ አጋምና ቀጋ ይጀምራል።

እኛ ጋ ሌላ ነው። ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ሸካ። ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር አይለቅም። የሶር ፏፏቴ ወደ 100 ሜትር ይወርዳል። ወደ ሥሩ ለመድረስ ጫካውን እየሰነጠቅህ ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ሰማይ አታይም። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡና አለ፣ ማንም ያልተከለው። ዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። የኢሉባቦሩ ያዩና ከፋ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ሸካ ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገቡት በዚህ ደን ምክንያት ነው። እዚያ ድንኳን ስትተክል ችግርህ ደራሽ ብቻ አይደለም። የሚደርቅ ነገር የለም። ካልሲ ለሦስት ቀን ይሰቀላል፣ በአራተኛው ቀን እርጥቡን ትለብሰዋለህ። ማገዶ ከቤት ነው የምትይዘው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ሌሊት እሳት ዳር ከአንድ የደሴ ልጅ ጋር ተከራክሬ ነበር፣ የማን ውሃ ሩቅ ይሄዳል ብለን። የሶር ውሃ ገባ ይገባል፣ ከዚያ ባሮ፣ ከዚያ ነጭ ዓባይ፣ ካርቱም። የደሴው ልጅ ደረቱን ነፍቶ «የኛም ዓባይ ነው» አለ። የበሽሎ ቢሆን ልክ ነበር፣ በሽሎ ዓባይ ይገባል። እኛ የነበርንበት ግን ወደ ምሥራቅ ነው የሚፈሰው። አዋሽ ገብቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባሕር አያይም። ልጁ ይሄን ሲሰማ ቅር ብሎት ለአሥር ደቂቃ ያህል አልተናገረም።

የጦሳ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡31

ቆይ።

ቅር አላለኝም፣ ንፍሮ አፌ ውስጥ ነበር። አንተ ነህ እንዴ?!

ሶር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት። ምን ያህል እንደምታጋንን ለማየት ዝም አልኩ። ግንዱ ያን ያህል አልነበረም።

ከወንድማቸው ጋር ዛሬ ክፍል ተገናኝተን አሳየሁት። የጀበናውን ምልክት እኔ አላውቅም፣ የቤታቸው ዕቃ ነው። ታናሽየዋ ልትጽፍልህ እየተመዘገበች ነው። ተዘጋጅ።

ድንች
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡18

እንደምን አመሻችሁ። ስም ምረጪ አለኝና ይሄን መረጥኩ። ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ።

አንደኛ፣ ድንጋይ አልወረወርኩም። በሌሊት ሰው የተኛበት ድንኳን ላይ ድንጋይ የሚወረውር ማን ነው? ድንች ነው። ለቅዳሜ ወጥ የያዝነው ሦስት ኪሎ ድንች። ሰባቱን ወርውሬ አራቱ አገኛችሁ። ቅዳሜ «ድንቹ የት ሄደ?» ስትሉ ነበር፣ እህቴ ዝም በይ ስላለችኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃውን ያየሁት እኔ አይደለሁም። ከእንቅልፌ የቀሰቀሱኝ ያ አባት ናቸው። ቤታቸው ከላይ ነው። ዶፍ ሲወርድ ሲያዩ በጨለማ፣ በዱላ፣ እኛ ጋ ድረስ ወረዱ። «እነዚያ ልጆች ዝቅ ብለው ነው የተኙት» አሉኝ። ወደ እናንተ ሊወርዱ ሲሉ መንገዱ አዳልጧቸው ወደቁ። እህቴ ነርስ ናት፣ እግራቸውን ስታስርላቸው እኔ ሮጥኩ። እናንተ ስትደርሱ እሳት ዳር ተቀምጠው አላያችኋቸውም? አሳድሩኝ ብለው የመጡ ነው የመሰላችሁ። እንዳትሸማቀቁ አትንገሯቸው አሉን። እኔ ግን ጽሑፍህን ሳነብ አላስቻለኝም።

ሦስተኛ፣ ለነጭ ጋውን። እኛ አልዋኘንም። እህቴ ከልክላናለች።

የጀበናው ምልክት፤ ሥሩ ላይ ገና ጭቃ ሳለ በጥፍር የተጫረ «ሰ» አለ። የእናቴ ስም መጀመሪያ ነው።

የጦሳ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ገልብጬ አየሁት። «ሰ» ነው። እስከዛሬ ስንጥቅ መስሎኝ ነበር።

ስለ አባባ ምንም አላወቅሁም። እሳት ዳር አይቻቸዋለሁ። «አባባ፣ አሁንም አልተኙም?» አልኳቸው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ ልጄ» አሉኝ። እግራቸው እንዴት ነው አሁን?

አያ ጫካ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

የአክስቴ ባል ናቸው። ደህና ናቸው፣ አብሽር። ትንሽ ያነክሳሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ ሄደው ፍየል ሸጠው ተመልሰዋል። ጅብ ጫማ የበላበትን ልጅ ለገበያው ሁሉ አውርተዋል።

የሆጤዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡34

ልጄ፣ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ። ለሳቸው ጋቢ ግዛ። ለልጅቷ ቤት ስኳርና ቡና። ድንችም።

የጦሳ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

እሺ እትዬ። ጓደኛዬ የጋቢውን ግማሽ እከፍላለሁ ብሏል። የመጣው በተውሶ ጫማ ነው፣ ግን ይከፍላል።

ድንች፣ እሑድ ከሰዓት ኮምቦልቻ እመጣለሁ፣ ከዚያ ከሶርና ከወንድምሽ ጋር ወደ አባባ እንወጣለን። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የጀበናው ውታፍ የለም። ሻንጣዬን ሦስቴ አራግፌ ፈለግሁ። ውሃ የወሰደው መሰለኝ።

ድንች
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ውታፉ እኛ ጋ ነው።